ለቆየ ላፕቶፕ የትኛውን ሊኑክስ ልጫን? ባሕር ዳር ነኝ፣ ኢንተርኔቴ የስልክ ዳታ ነው

የሽምብጧ መምህርት
ጥር 9 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ?

የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። አማርኛ አስተምራለሁ። ከሥራ በኋላ ደግሞ ፔዳ ጊቢ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ለጥናቴ ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መቁጠርና መለየት አለብኝ። ፓይተን ገና ጀማሪ ነኝ።

ላፕቶፔ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት። አይ5 ስድስተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ያለው ዊንዶውስ 10 ነው። እሱ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን ድጋፉ አበቃ። ወደ 11 ላሳድገው ብል ፕሮሰሰሩ አይፈቅድም ተባልኩ፤ ለኢንቴል ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው የሚቀበለው። ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም። ኪቦርዱ ይሠራል፣ ስክሪኑ ንጹሕ ነው። እሱን ጥዬ ሌላ ለመግዛት አቅሜም ልቤም አይፈቅድም።

ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነጻ ሥርዓት፣ ሊኑክስን ልሞክር አልኩ። ከዚያ ዓይነቱ ብዙ ሆኖ ምርጫው ውስጥ ገብቼ ጠፋሁ። ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ደቢያን፣ ፌዶራ፣ አርች፣ ዞሪን። አንዱ ቪዲዮ "ይሄ ነው ምርጡ" ይላል፣ ቀጣዩ ያንኑ ያጣጥለዋል። ደግሞ የሚያወሩት ሰዎች ቤታቸው የማይቋረጥ ዋይፋይ አለ፣ መብራትም አይጠፋባቸውም። የኔ ኑሮ እንደዛ አይደለም። ጥቅል ገዝቼ ከስልኬ ሆትስፖት ከፍቼ ነው የምጠቀመው። መብራት ድንገት ድርግም ይላል፣ ባትሪው ደግሞ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው የሚይዘው። ፈተና፣ ማስታወሻ፣ የትምህርት ዕቅድ ሁሉ በአማርኛ ነው የምጽፈው።

በእንደዚህ ያለ ኑሮ የትኛው ይሻለኛል? በተለይ እዚሁ አካባቢ ሆናችሁ የተጠቀማችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

---

ፖሊ ጊቢ

ቲቸር ሰላም ነዎት? እኔ ኡቡንቱ ይጫኑ ነው የምለው። ምክንያቴም አንድ ነው፤ የሚጠይቁት ሰው አያጡም።

እኛ ዶርም ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ካለ አብዛኛው ኡቡንቱ ነው። አንድ ነገር እምቢ ካለኝ ጎረቤት አልጋ ላይ ያለውን ልጅ እጠይቃለሁ። እሱ ካላወቀ የስህተቱን ጽሑፍ ገልብጬ ጎግል ላይ እለጥፈዋለሁ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለኡቡንቱ ተብሎ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለ ስለሆነ ከርስዎ በፊት ያልተጠየቀ ጥያቄ የለም ማለት ይቻላል። የፓይተን ትምህርቶችም ሲያስረዱ ወይ በዊንዶውስ ነው ወይ በኡቡንቱ ነው።

ኤልቲኤስ የሚባለውን፣ ለረጅም ጊዜ የሚደገፈውን ስሪት፣ ብቻ ይያዙ። በየሁለት ዓመቱ ሚያዝያ ላይ ይወጣል፣ 5 ዓመት ጥገና አለው። 24.04 የሚለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ቁጥሩ ራሱ የወጣበትን ዓመትና ወር ነው የሚነግርዎት።

ፋይሉ ወደ 6 ጊጋ ስለሚሆን በዳታ አያውርዱት። እኔ ፍላሽ ላይ አለኝ። ፖሊ በር ድረስ ብቅ ቢሉ ኮፒ አድርጌ እሰጥዎታለሁ።

---

አባይ ማዶ ጥገና

እህቴ፣ ከላይ ያለው ወንድሜ ስለ ጎረቤት ያለው ልክ ነው። እኔም ከዚያው እጀምራለሁ፣ የምደርሰው ግን ሌላ ቦታ ነው። ሚንት ጫኚ።

ላፕቶፕ መጠገን ነው ሥራዬ። ዊንዶውስ 10 አበቃ ከተባለ ወዲህ እንዳንቺ ዓይነት ማሽን ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ላቲቲዩድ፣ ቲንክፓድ፣ ኤሊትቡክ፤ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ ትውልድ። ጤነኛ ማሽን ናቸው። መጀመሪያ ለሁሉም ኡቡንቱ ነበር የምጭነው። ከዚያ ደንበኞቼ እየተመለሱ "ዳታዬ አለቀ፣ ምን እንደበላው አላውቅም" ይሉኝ ጀመር።

ቁጭ ብዬ አየሁት። ኡቡንቱ ፋየርፎክስንና ሌሎች ፕሮግራሞችን ስናፕ በሚባል መንገድ ነው የሚጭናቸው። ስናፕ በራሱ ጊዜ በቀን 4 ጊዜ አዲስ ነገር አለ ወይ ብሎ ይፈትሻል፣ ካለ ሳይጠይቅሽ ያወርዳል። ዋይፋይ ላለው ሰው ምንም ችግር የለውም፣ እንዲያውም ጥሩ ነው። በጥቅል ለሚኖር ሰው ግን ልክ ጓዳ ገብቶ ሳያስፈቅድ እንደሚበላ እንግዳ ነው። ማቆሚያ ትእዛዝ አለው፣ አልክድም። ግን ጀማሪ ሰው ያንን ከየት ያውቀዋል?

ሚንት የተሠራው በዚያው በኡቡንቱ ኤልቲኤስ ላይ ነው። ስለዚህ ያ ልጅ ያለው የጎግል መልስ ሁሉ ከጥቂቱ በቀር ለሚንትም ይሠራል። ስናፕ ግን አብሮ አይመጣም፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አውጥተውታል። ማሻሻያ ሲኖር ከታች በኩል ትንሽ ጋሻ ምልክት ላይ ያሳይሻል፣ ስትከፍቺው እያንዳንዱ ስንት ሜጋ እንደሆነ ተጽፎ ታያለሽ። አንቺ ካላዘዝሽ አያወርድም። ጥቅልሽ የሌሊት ከሆነ ሌሊት፣ ጊቢ ስትሄጂ ከሆነ ጊቢ ታወርጂዋለሽ። ፋይሉም ወደ 3 ጊጋ ነው፣ የኡቡንቱ ግማሽ ማለት ነው። 22 የሚለውን ስሪት ያዢ፣ ድጋፉ እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ነው።

መልኩም ከዊንዶውስ ብዙ አይርቅም። ማስጀመሪያው ከታች ግራ፣ ሰዓቱ ከታች ቀኝ። ሚንት በተለያየ ገጽታ ይመጣል፤ ሲናመን የሚለውን ብትወስጂ 8 ጊጋ ራም ይበቃዋል። 4 ጊጋ ቢሆን ኖሮ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ነበር የምልሽ።

አሁን ስለ መብራቱ። ይሄ በደንብ ሊሰማ የሚገባው ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ማሻሻያ እየጫነ ሳለ መብራት ጠፋ። ባትሪው የሞተ ነበር። መልሶ ሲያስነሳው ጥቁር ስክሪን። ተስፋ ቆርጦ አመጣልኝ። እኔ ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው፦ ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ "ተጨማሪ ምርጫ" ገብቼ የድሮውን ከርነል፣ የሥርዓቱን እምብርት፣ መረጥኩ። ተነሳ። ከዚያ ተርሚናል፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፍቼ ዲፒኬጂ የሚባለው የፕሮግራም ጫኚ ያቋረጠውን ጭነት እንዲጨርስ አዘዝኩት። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደህና ነበር። አንዲት ፋይል አልጠፋችም። ሊኑክስ አዲሱን ከርነል ሲጭን የድሮውን ወዲያው አይጥለውም፣ ዲስኩ ላይም የሚጽፈውን ነገር አስቀድሞ መዝግቦ ነው የሚጽፈው። ለኛ አገር መብራት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ ሚንት ላይ ታይምሺፍት የሚባል አብሮ ይመጣል። ማሻሻያ ከመጫንሽ በፊት አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጊው፤ ቢበላሽ ወደነበረበት ይመልስልሻል። ያንቺን ፎቶና ጽሑፍ ግን እሱ አይዝልሽም፣ ያንን ለብቻው ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጪ።

የመጨረሻ ምክር። ገንዘብ ስታገኚ ያንን ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ቀይሪው። ሚንትም ኡቡንቱም ብትጭኚ፣ ከሊኑክሱ ዓይነት ምርጫ ይልቅ ፍጥነቱ ላይ ልዩነት የሚያመጣው እሱ ነው።

---

ሮሊንግ ነኝ

እኔ አርች ነው የምጠቀመው። 3 ዓመት ሆነኝ። እንደሱ የምወደው ነገር የለም፤ ሥርዓቱ እንዴት እንደቆመ ከመሠረቱ ያስተምራል። ዊኪው፣ የመመሪያ ድረ ገጹ፣ ደግሞ የትኛውንም ሊኑክስ ብትጠቀሚ የሚጠቅም ነው፣ አስቀምጪው።

ግን ላንቺ አርች አልመክርም። አርች ስሪት የሚባል ነገር የለውም፣ ያለማቋረጥ ነው የሚታደሰው። ሳምንት ሁለት ሳምንት ከቆየሽ የሚጠብቅሽ ማሻሻያ ከጊጋ ሊያልፍ ይችላል። "ወር ሙሉ ሳላድሰው ቆይቼ ዛሬ አንድ ፕሮግራም ብቻ ልጫን" ብትይ ደግሞ ሁሉንም አብረሽ ማደስ አለብሽ፤ ግማሹን ብቻ ማደስ አይደገፍም፣ ይሰበራል። እኔ በነበረኝ የቢሮ ኢንተርኔት ይቻል ነበር። ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ክብደቱ የገባኝ።

ፌዶራም እንደዚሁ። ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ግን በየ6 ወሩ አዲስ ስሪት ያወጣል፣ አንዱ ስሪት የሚቆየው ደግሞ 13 ወር ገደማ ብቻ ነው። በየዓመቱ ትልቅ ማውረድ አለብሽ ማለት ነው።

---

ጋሽ ጎርጎራ

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጎርጎራ ከሐይቁ ማዶ ነው የምኖረው። የሁላችሁንም አነበብኩ። አንዱ የዘነጋችሁት ነገር ስላለ ነው የምጽፈው።

በ2015 መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ታስታውሳላችሁ። እኔ በዚያ ጊዜ ላፕቶፔ ላይ ደቢያን ነበር። ከዚያ በፊት ልጄ ከባሕር ዳር ሲመጣ የደቢያንን ዲቪዲ፣ 4 ጊጋ ገደማ የሚሆነውን፣ በፍላሽ አምጥቶልኝ ነበር። የተጫነው ከዚያው ነው። ቢሮው ፕሮግራም፣ ቪዲዮ ማጫወቻው፣ ፎቶ ማስተካከያው፣ ሁሉም ከዚያው ፍላሽ ወጣ። በመካከል አንድ የጎደለኝ ፕሮግራም ሲኖር ፍላሹን ሰክቼ ፕሮግራሞቹን ከዚያ ፈልግ አልኩት፤ ጫነልኝ። ኢንተርኔት ሳይኖር። ላፕቶፑ አንድም ቀን "ግንኙነት የለህም" ብሎ ሥራ አልከለከለኝም።

ደቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ ነው። ኡቡንቱ ከእሱ ነው የተወለደው፣ ሚንት ደግሞ ከኡቡንቱ። አያት ማለት ነው። አዲስ ስሪት የሚያወጡት በሁለት ዓመት አንዴ ገደማ ነው፣ በመካከል የደህንነት ጥገና እንጂ ሌላ ነገር አይነኩም። እንዲህ ሲሆን የምታወርደው ጥቂት ነው። የዛሬ ዓመት የለመድከው ቁልፍ ዛሬም እዚያው ቦታ ነው። ለኔ ዕድሜ ይህ ክብር ነው። 13ኛው ባለፈው ነሐሴ ወጥቷል።

ቀድሞ አንድ ችግር ነበረው። ለዋይፋይ የሚያስፈልገው ፈርምዌር፣ ካርዱን የሚያሠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ አብሮ አይመጣም ነበር፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ከ12ኛው ጀምሮ አብሮ ይመጣል።

ልጄ፣ ሚንት አትጫኚ አልልም። አንቺ ግን የምትመርጪው ዛሬ ላለው ዳታ ብቻ አይሁን። ዳታ ጨርሶ በሌለበት ቀንም ይሠራልኛል ወይ ብለሽ ጠይቂ። የትኛውንም ብትወስጂ የመጫኛውን ፍላሽ አትሰርዢው። ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው።

---

የሽምብጧ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ በዝርዝር ይመልስልኛል ብዬ አልጠበቅሁም።

ጋሼ፣ የርስዎ መልስ ልቤ ውስጥ ገባ። ያኔ የተማሪዎቼን ውጤት በወረቀት ነበር የሠራሁት፣ ኮምፒውተሩ ፈቃድ አድስ እያለ ሲያስቸግረኝ። ስለ ፍላሹ ያሉትን አደርገዋለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ የአማርኛ አጻጻፍ። ለዓመታት በፓወር ግዕዝ ነው የጻፍኩት። ከዚያ በፊት ያሉት ደግሞ በቪዥዋል ግዕዝ ናቸው። ሊኑክስ ላይ ምን ልጠቀም? የድሮ ፈተናዎቼስ ይከፈታሉ? ሁለተኛ፣ ዊንዶውሱን ሳላጠፋ ጎን ለጎን ማድረግ ይቻላል?

---

ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ

ሰላም እህት። የአማርኛው ጥያቄ ለኔ ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ የለኝም። ጊዮርጊስ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈት ቤት አለኝ፣ ሁለት ማሽን፣ ሁለቱም ሚንት።

ፓወር ግዕዝ ሊኑክስ ላይ የለም። የሚተካው አይባስ የሚባል ነው፣ ከኤም17ኤን ጋር አብሮ ይጫናል። ሁለቱንም ከሶፍትዌር ማኔጀሩ ፈልገሽ ጫኚ፣ ጥቂት ሜጋ ናቸው። ከዚያ ከቋንቋዎቹ ውስጥ አማርኛን፣ ሴራ የሚለውን ጨምሪ። ሴራ በድምፅ ነው የሚሠራው። ሰላም ለማለት በላቲን ፊደል ሰላም ብለሽ እንደምትጽፊው ነው የምትመቺው፣ ጠን ስትፈልጊ ትልቁን ቲ። ጣትሽ ፓወር ግዕዝ ከለመደ አብዛኛው ይመጣልሻል። ጥቂት ፊደሎች ላይ ግን ትሳሳቻለሽ፣ እኔ ሠ የሚለውን ፊደል ስፈልግ ሳምንት ተቸግሬያለሁ። ሌላ ደግሞ የአማርኛ ኪቦርድ ተብሎ ከሥርዓቱ ጋር የሚመጣ አለ፤ እሱ የራሱ አቀማመጥ አለው፣ ከዜሮ መልመድ ይፈልጋል። እኔ ተውኩት።

ፎንት። ንያላ የማይክሮሶፍት ነው፣ ሊኑክስ ላይ አታገኚውም። አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክ አሉ፣ ነጻ ናቸው፣ ቆንጆ ናቸው። ነገር ግን በንያላ የተጻፈ ሰነድ ሲከፈት ፎንቱን በሌላ ስለሚተካው መስመሩ ይንሸራተታል። አራት ገጽ የነበረ ፈተና አምስት ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን አምስተኛው ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ። ስለዚህ ለማተም የምትልኪውን ሁሌ ፒዲኤፍ አድርጊው። ፒዲኤፍ የትም ቢሄድ አይነቃነቅም።

አሁን የድሮዎቹ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል መለያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር የራሱን አሠራር ነበር የሚጠቀመው። ከውስጥ ሲታይ ጽሑፉ የላቲን ምልክት ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ስትከፍቺው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ታያለሽ። ፎንቱን ሊኑክሱ ላይ ብትጭኚው አንዳንዱ ሰነድ ይነበባል፣ አንዳንዱ ይዛባል። እኔ ሁለቱም ደርሶብኛል።

ስለዚህ ዊንዶውሱ ሳይነካ እያንዳንዱን የድሮ ሰነድ ክፈቺና ፒዲኤፍ አድርገሽ አስቀምጪ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ሁለት ቅዳሜ ይፈጅብሻል። ግን አድርጊው። በፓይተን ልትሠሪበት የምትፈልጊው ጽሑፍ ካለ ደግሞ በዩኒኮድ የተጻፈውን ለዪ፣ ፓይተን በድሮው መንገድ የተጻፈውን አማርኛ ነው ብሎ አያውቀውም።

ስለ ፍላሽ ቫይረስ አንድ ነገር ልበል፣ ማንም አላነሳውምና። እኔ ዊንዶውስ በነበርኩ ጊዜ ደንበኛ ፍላሽ ሲሰካ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ይሆኑ ነበር። ያ ቫይረስ ከኔ ማሽን ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ፍላሽ ይተላለፋል። አንዲት ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ መጥታ ፍላሿ ባዶ ሆኖ ሲታይ እጇ ሲንቀጠቀጥ አስታውሳለሁ። ፋይሎቹ ጠፍተው አልነበረም፣ ተደብቀው እንጂ። አሁን እንዲህ ያለ ፍላሽ ሚንቱ ላይ ስሰካ ቫይረሱ የዊንዶውስ ስለሆነ አይነሳም፣ የተደበቁትን አሳይ ስለው ፋይሎቹ ቁጭ ብለው አያቸዋለሁ። ገልብጬ አውጥቼ፣ ፍላሹን አጽድቼ እመልስላቸዋለሁ። ሊኑክስን የወደድኩት በዚህ ነው።

---

አባይ ማዶ ጥገና

እህት ጨርሳዋለች። ስለ ጎን ለጎኑ እኔ ልመልስ።

ይቻላል። መጀመሪያ ዊንዶውሱ ውስጥ ፋስት ስታርታፕ የሚለውን አጥፊ። እሱ ካልጠፋ ዊንዶውስ በትክክል አይዘጋም፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነው የሚቆየው፣ ሊኑክሱ ዲስኩ ላይ መጻፍ አይችልም። ቢትሎከር፣ የዊንዶውሱ የዲስክ መቆለፊያ፣ ሥራ ላይ እንደሆነም እዪ። ከዚያ ከዊንዶውሱ ውስጥ ሆነሽ ዲስኩን አሳንሺና 100 ጊጋ ያህል ባዶ ተዪ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሥራሽን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ይህን ደጋግሜ የምለው አንድ ሰው "ትንሽ ነገር ነው" ብሎ ሳይገለብጥ ስለገባ ነው፣ የልጆቹ ፎቶ ነበር።

አንቺ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሚ አይመስለኝም። ይህን የሚያነብ የሒሳብ ሠራተኛ ካለ ግን ዊንዶውሱን አይልቀቅ፤ ፒችትሪ ሊኑክስ ላይ እንደሚፈለገው አይሠራም።

ከመጫንሽ በፊት ሞክሪው። ፍላሹን ሰክተሽ ኤሊትቡኩን ስታበሪ ኤፍ 9 ተጫኚ፣ ከፍላሹ አስነሺው። ምንም ሳይጫን ሙሉው ሚንት ይከፈታል። ዋይፋዩን እዪ፣ ድምፁን እዪ፣ ካሜራውን እዪ፣ ክዳኑን ዘግተሽ ክፈቺው። ያንቺ ማሽን ዋይፋይ ካርዱ ኢንቴል ከሆነ ችግር የለም። ብሮድኮምና አንዳንድ ሪልቴክ ካርድ ያላቸው ላይ ነው ሰው የሚቸገረው። ዋይፋይ እምቢ ቢል ስልክሽን በኬብል ሰክተሽ ዩኤስቢ ቴተሪንግ ክፈቺ፣ ወዲያው ይይዛል።

---

ፖሊ ጊቢ

ቲቸር፣ ሚንቱንም ፍላሽ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ሁለቱንም ይውሰዱ። አውጪዎቹ ከሰጡት ጋር የቼክሰም ቁጥሩን፣ ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያረጋግጠውን፣ አስተያይቻለሁ፣ ፋይሉ ሙሉ ነው። ከሰው የተቀበሉትን አይኤስኦ፣ የመጫኛ ፋይል፣ ሁሌ ያንን ሳያዩ አይጫኑ፤ ግማሽ የወረደ ፋይል የብዙ ሰው ቀን አባክኗል።

ኡቡንቱ ይሻላል ያልኩትን ስለ ስናፑ ሳነብ እንደገና አሰብኩበት። እኛ ጊቢ ውስጥ ዋይፋይ ስላለን አይታየንም ነበር። ለጊቢ ተማሪ አሁንም ኡቡንቱ እላለሁ፣ ለርስዎ ግን ሚንት።

---

የሽምብጧ መምህርት
ጥር 24

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ይህን የምጽፈው ከሚንት ላይ ሆኜ ነው፣ አማርኛውም በሴራ ነው።

ፍላሹን ከፖሊ በር ተቀበልኩ። ልጁ ሻይ እንኳ ልጋብዝህ ብለው ክላስ አለኝ ብሎ ሮጠ። ሁለት ማታ ሳልጭነው ሞከርኩት። ዋይፋዩ ወዲያው ያዘ። ድምፁ፣ ካሜራው፣ የብርሃን መቀነሻው ሁሉ ሠራ። ክዳኑን ዘግቼ ስከፍት አንድ ጊዜ ዘገየብኝ፣ ከዚያ በኋላ ግን አልደገመውም።

የድሮ ፈተናዎቼን ፒዲኤፍ ማድረጉ ሁለት ሳይሆን ሦስት ቅዳሜ ነው የሚፈጀው፣ ገና አንዱ ይቀረኛል። ከ2003 ጀምሮ ያለውን ሁሉ ማለት ነው። አንዱን ሳይቀየር ሚንቱ ላይ ልሞክር ብዬ ከፈትኩት። ከተማሪዎቼ ጋር ስንት ጊዜ ያነበብነው ምንባብ፣ በአንድ ዓይነት የላቲን ምልክት ተሞልቶ አየሁት። ደነገጥኩ። ዊንዶውሱን አስቀድሜ አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? እህቴ፣ ያንን ባትነግሪኝ የ15 ዓመት ሥራዬ ይጠፋ ነበር። ከልቤ ነው የማመሰግንሽ።

ደቢያንን አስቤበት ነበር ጋሼ። ለጊዜው ሚንት ላይ የቀረሁት ከጎኔ የሚረዱኝ ሰዎች ሚንት ስለያዙ ነው። ነገር ግን ያሉት ጥያቄ አልለቀቀኝም። ኢንተርኔት ባይኖር የሚያስፈልጉኝን ቁጭ ብዬ ጻፍኳቸው፤ ፓይተኑ፣ የአማርኛው መጻፊያ፣ ፎንቶቹ፣ ሰነድ መጻፊያው ሊብሬኦፊስ፣ ቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ። ሁሉንም አስቀድሜ ጫንኩ። የወረዱትን ዴብ ፋይሎችም፣ የፕሮግራሞቹን መጫኛዎች፣ አፕት የሚባለው የጭነት ትእዛዝ ሲጨርስ እንዳይጥላቸው አፕት ጌት በሚባለው አውርጄ ፍላሽ ላይ ገለበጥኳቸው። ያንን ያሳየኝ የጥገናው ወንድሜ ነው።

ትናንት ማታ ማሻሻያ ስጭን መብራት ጠፋ። ባትሪው 20 ደቂቃ ያህል ያዘልኝ፣ ማሻሻያውም ጨረሰ። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያችን የጭነት መስመር ስትሞላ አየሁ።

ፍላሹ ላይ ሚንት፣ ኡቡንቱ፣ የአማርኛው መጻፊያና ፎንቶቹ አሉ። ሽምብጥ አካባቢ ያለ ሰው ከፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።

---

ጋሽ ጎርጎራ

ተባረኪ ልጄ። ልጄ በሚቀጥለው ሳምንት ባሕር ዳር ይመጣል። ያንን የፊደል መጻፊያ በፍላሽ ይዞልኝ ይምጣ፤ እኔ እስካሁን በአንድ ጣት ነው የምፈልገው።